ኢንተርኔት ሲቋረጥም የሚሠራ ቤት፦ በደብረ ብርሃን የቤት አውቶሜሽን ተሞክሮዬና ከመንግሥት ፖሊሲ የምጠብቀው

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ባሉ የደጋ ከተሞች ለሚኖሩ፣ የቤታቸውን መብራት፣ ቦይለርና የውሃ ፓምፕ በራስ ሰር ለማስኬድ ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ቴክኖሎጂ ወዳድ እንጂ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የምጽፈውም በገዛ ቤቴ ተክዬ ያየሁትን፣ ለዘመድና ለጎረቤት ስተክል የተማርኩትንና ጉዳዩን የሚመለከቱ የአገራችንን ሕጎች አንብቤ የደረስኩበትን አስተያየት ነው። ስለ ቤት አውቶሜሽን የሚገኘው ትምህርት በአብዛኛው ሦስት ነገሮች ተሟልተዋል ብሎ ይነሣል፤ መብራት አይጠፋም፣ ኢንተርኔት አይቋረጥም፣ የሚሸጠውም ዕቃ ለሚተከልበት አገር ተመርምሮ የገባ ነው። እኛ ጋ ሦስቱም አስተማማኝ ስላልሆኑ ያንን ትምህርት እንዳለ መቅዳት ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ቤት አያሻሽልም። የመንግሥትን ፖሊሲ አብሬ የማነሣውም ለዚህ ነው። ግለሰብ እነዚህን ጉድለቶች ብቻውን ሊሞላቸው ባይችልም ቤቱን ጉድለቱን ችሎ እንዲሠራ አድርጎ ማዘጋጀት ግን ይችላል፤ የተቀረው የሕግና የቁጥጥር ሥራ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚወሰነው ትእዛዙ ከየት ይሰጣል የሚለው ነው። በገበያችን በብዛት የሚገኙት የዋይፋይ ማብሪያ ማጥፊያዎችና ሶኬቶች ከአምራቹ አፕ ጋር ታስረው ይመጣሉ። ሳሎን ተቀምጦ የሳሎኑን አምፖል በስልክ ለማጥፋት፣ ትእዛዙ በቅድሚያ ባሕር ማዶ ወዳለው የአምራቹ ሰርቨር ሄዶ ከዚያ ወደ ሳሎኑ ይመለሳል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚዘነጋው የለም። በዚያ ጊዜ በሞባይል ዳታ ብቻ የተደገፈ «ስማርት» ቤት ያለው ሰው በእጁ የቀረው በስልክ የማይታዘዝ ውድ ሶኬት ነበር። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሪቮልቭ የተባለው የቤት መቆጣጠሪያ ሰርቨሩ ሲዘጋ የገዙት ሰዎች ዕቃው ከሥራ ውጪ ሆኖባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የኢንስቲዮን ተጠቃሚዎች ሳይታሰብ ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። እነዚያ ሰዎች መብራትም ኢንተርኔትም አልተቋረጠባቸውም ነበር።

ስለዚህ ትእዛዙ ከግቢ ሳይወጣ የሚፈጸምበትን መንገድ መረጥሁ። በቤቴ መሐል አንዲት አነስተኛ ራስፕቤሪ ፓይ ኮምፒውተር አለች፤ በላይዋ ላይ ሆም አሲስታንት የተባለው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው ነጻ ሶፍትዌር ይሠራል። ሙቀትና ውሃ የሚለኩት ሴንሰሮችና በትእዛዝ መስመር የሚያበሩና የሚያጠፉት ማብሪያዎች፣ ማለትም ሪሌዎቹ፣ ኢኤስፒ32 በተባለው ርካሽ ማይክሮ ኮንትሮለር (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ቺፕ) ላይ የተሠሩ ሲሆን፣ ከኮምፒውተሯ ጋር የሚነጋገሩት በኤምኪውቲቲ ነው። ይህ የመልእክት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 በሳተላይት ለሚከታተሏቸው የነዳጅ ቧንቧዎች የተፈጠረ በመሆኑ መልእክቱ እጅግ ትንሽ ነው፤ ደካማ ኔትወርክንም ይችላል። ራውተሩ ከውጭው ዓለም ጋር ባይገናኝም የቤቱን ዕቃዎች እርስ በርስ ማገናኘቱን አያቆምም፤ ብዙ ሰው ዋይፋይንና ኢንተርኔትን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ይህንን ልዩነት ሁልጊዜ ማስረዳት ይኖርብኛል። ራውተሩንና ራስፕቤሪ ፓይዋን በአነስተኛ ባትሪ ላይ ማድረግ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉም ነገር እንደ አዲስ እንዳይነሣ ያደርጋል። አዲስ ዕቃ የሚገዛ ሰው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ማተር የተባለ የአምራቾች የጋራ ደረጃ የሚያሟላ ቢመርጥ መልካም ነው፤ ይህ ደረጃ ዕቃዎች በቤት ውስጥ ኔትወርክ በቀጥታ እንዲታዘዙ ያስገድዳል። ዕቃዎች ያለ ዋይፋይ በሬዲዮ ሞገድ የሚነጋገሩበት ዚግቢም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ነገር ግን የብረት በርና መስኮት እንዲሁም ቆርቆሮ ሞገዱን ስለሚያግዱ፣ ዋና ቤትና ማድ ቤት ተለያይተው በተሠሩበት ግቢ መሐል ላይ ሞገዱን ተቀብሎ የሚያሳልፍ አንድ ሶኬት ያስፈልጋል።

ማንም የማይነግራችሁ አንድ ጉዳይ ሰዓት ነው። ኢኤስፒ32ም ሆነ ከ5ኛው ትውልድ በፊት የነበሩት ራስፕቤሪ ፓይዎች መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያውቁት ከኢንተርኔት ጠይቀው ነው። ኢንተርኔት በሌለበት መብራት ጠፍቶ ቢመጣ ቦይለሩን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እንዲያበራ የታዘዘው መሣሪያ ሰዓቱን ስቶ በቀትር ሊያበራ ይችላል። መፍትሔው ዲኤስ3231 የተባለች፣ በክብ ባትሪ የምትሠራ የሰዓት ቺፕ መጨመር ነው፤ በዓመት የምትስተው ቢበዛ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ የሚጻፈው ሰዓት ከእኛ አቆጣጠር በስድስት ሰዓት እንደሚለይም አትርሱ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለመሣሪያው 04:00 ነው።

አሁን ወደ ቦይለሩ ልግባ፤ በደብረ ብርሃን የቤት አውቶሜሽን ትርፉ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ በቧንቧ የሚመጣውም ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ስሌቱ ቀላል ነው። 50 ሊትር ውሃን ከ15 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ባለ 1,500 ዋት ቦይለር ይህንን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ይፈጅበታል። ቀን ከሌት ከተበራ ደግሞ በብርዱ ክፍል ውስጥ የሚያጣውን ሙቀት እየተካ ሌላ ኃይል ይበላል። ስለዚህ ቦይለሩ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እንዲጀምር፣ የውሃው ሙቀት 60 ዲግሪ ሲደርስ እንዲቆም፣ ቤተሰቡ ታጥቦ ከወጣ በኋላ እስከ ማታ እንዳይበራ አድርጌዋለሁ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ሙቀቱን ከ60 ዲግሪ በታች አድርጎ ማቆየት ግን ጥሩ አይደለም፤ በለብታ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የተባለው፣ ሳንባን የሚያጠቃ ባክቴሪያ ይራባል። እናቴ ስለዚህ ሁሉ ሽቦ ስትጠየቅ «ልጄ፣ ውሃው ይሙቅልኝ እንጂ በምን ሞቀ ብዬ ምን አስጨነቀኝ» ትላለች። በእኔ እምነት ጥሩ አውቶሜሽን የሚባለው እንዲህ የሚባልለት ነው፤ ቤተሰቡ አፕ እንዲከፍት የሚያስገድድ ከሆነ ግን ሥራ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

የሙቀት ሴንሰር የሚፈትሹ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዲኤስ18ቢ20 የተባለው ውሃ የማያስገባው ሴንሰር ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ከትቶ 100 ዲግሪ መጠበቅ በብዙ ቦታ የተጻፈ ምክር ነው። በደብረ ብርሃን ግን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው ከ90 እስከ 91 ዲግሪ ላይ ነው። ሴንሰሩ ይህንን ካሳየ ጤነኛ ነው፤ «ዘጠኝ ዲግሪ ይሰርቃል» ብላችሁ በፕሮግራም ካስተካከላችሁት ቦይለራችሁ ሁልጊዜ በተሳሳተ ሙቀት ላይ ይቆማል። በሚቀልጥ በረዶ መፈተሽ ይሻላል፤ ዜሮ ዲግሪ እዚህም ዜሮ ነው።

ከፍታው ከሴንሰር ፍተሻ ያለፈ ጣጣ አለው፤ የፖሊሲውን ጉዳይ ከመነሻው የሚያነሣውም ይኸው ነው። የብዙ ቻርጀሮችን፣ የኃይል መቀየሪያዎችንና ስማርት ሶኬቶችን ጀርባ አገላብጣችሁ ብታዩ ዕቃው የተፈተሸው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ለሚገኝ ቦታ ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ምልክት ወይም የቻይንኛ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስስ አየር ኮረንቲን የመከልከል አቅሙ ደካማ ነው፤ ሙቀትንም ቀስ ብሎ ነው የሚወስደው። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ መሠረት በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ በሁለት የኮረንቲ መስመሮች መካከል ያለው የአየር ክፍተት በ2,000 ሜትር ከሚያስፈልገው በ1.14 እጥፍ መስፋት አለበት። በርካሽ የተሠራ ሪሌ ክፍተቱ ከመጀመሪያውም የተቆጠበ ስለሆነ፣ የነበረው ትንሽ የደኅንነት ትርፍ እዚህ ሲደርስ ያልቃል። ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ አለ፤ እስከ 5,000 ሜትር ተፈትሿል የሚል ምልክት ያለበትን ዕቃ እመርጣለሁ፤ እሱ ካልተገኘ ሪሌው ላይ ከተጻፈው አምፔር ከግማሽ በላይ አልጭንበትም፤ ሳጥኑንም አየር የሚያዘዋውር ቀዳዳ አበጅለታለሁ።

የውሃ ፓምፕም ላይ ያው ነው። የፓምፕ ሞተሮች በተለምዶ የሚሰላላቸው አቅም እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ለሚገኝ ቦታ ነው። ከጉድጓድ ውሃ የሚስቡ ሰዎችን ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማቸዋል፤ በባሕር ጠለል ላይ አየር ውሃን በቧንቧ እስከ 10 ሜትር ገደማ ገፍቶ ሊያወጣ ሲችል፣ በደብረ ብርሃን ግን ይህ ወሰን በስሌት እንኳ ከ7.3 ሜትር አያልፍም። ካርቶኑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» የተባለ ፓምፕ እዚህ በተግባር 5 ሜትር ቢስብ ነው። ፓምፑ ውሃ ሳያገኝ በባዶ ሲዞር ስለሚቃጠል ከአውቶሜሽኑ ሁሉ የሚቀድመው ውሃ መኖሩን አይቶ የሚያቆመው ክፍል ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ሮቶው ላይ ሁለት ተንሳፋፊ ማብሪያዎችን ቢያደርግ፣ አንዱን ሲሞላ ፓምፑን እንዲያቆም፣ ሌላውን ሲጎድል እንዲያስታውቅ፣ ይበቃዋል። በድምፅ ሞገድ የውሃውን ከፍታ የሚለካውን ሴንሰርም ሞክሬዋለሁ፤ በብርድ ሌሊት የሮቶው ክዳን ውስጡ ጤዛ ስለሚይዝ ንባቡ ይዘላል። ተንሳፋፊው ያረጀ ዘዴ ነው ብላችሁ አትናቁት።

የመብራት መጥፋት ራሱ ከመምጣቱ ያነሰ አደጋ ነው። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ያሉ ቤቶች ቦይለር፣ ምጣድና ማቀዝቀዣ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይነሣሉ፤ መልሶ የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው። ሙቀት የሚያመነጭ ማንኛውም ዕቃ የተሰካበት ሪሌ ኃይል ሲመለስ «ጠፍቶ ይቆይ» ተብሎ መዘጋጀት አለበት። ብዙ ስማርት ሶኬቶች መብራት ከመጥፋቱ በፊት የነበሩበትን ሁኔታ እንዲያስታውሱ ከፋብሪካ ተደርገው ስለሚመጡ ይህንን መለወጥ የመጀመሪያው ሥራ ይሁን። ሰው ካውያ ሰክቶ መብራት ሲጠፋበት ረስቶት ከቤት ይወጣል፤ ከሰዓታት በኋላ መብራት ሲመለስ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። ለማቀዝቀዣ ቢያንስ የአምስት ደቂቃ መዘግየት፣ ለቦይለር ደግሞ ከአምስት እስከ ሠላሳ ደቂቃ የሚደርስ በዕጣ የሚመረጥ መዘግየት ሰጥቻለሁ። በዕጣ ያልሁት ጎረቤቴም ይህንኑ ፕሮግራም ቢጭን የሁለታችን ቦይለር በአንድ ጊዜ እንዳይነሣ ነው።

የእንጀራ ምጣድን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው፤ ከሩቅ የሚበራ ምጣድ አልሠራም፤ ለማንም አልተክልም። ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ስለሚወስድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በየሱቁ የሚሸጡት ሪሌዎች ላይ ግን የተጻፈው 10 አምፔር ነው። በእነሱ ላይ ምጣድ መስካት እሳት መጋበዝ ነው። ምጣዱን በራስ ሰር ማጥፋት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ትክክለኛው መንገድ ባለ 25 አምፔር ኮንታክተር፣ ማለትም ከባድ ጭነት የሚችል ማብሪያ፣ በብሬከር ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶ፣ ሪሌው ኮንታክተሩን የሚያንቀሳቅሰውን የሽቦ ጥቅል ብቻ እንዲያዝ ማድረግ ነው። በእኔ ቤት ያለው ከዚያም ያነሰ ነው፤ በሽቦው ዙሪያ የሚታሰር የኮረንቲ መለኪያ ምጣዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ከበራ ማድ ቤት ውስጥ ደወል ያሰማል፤ የሚያጠፋው ሰው ነው።

ስንት ኃይል እንደሚፈጅ ለማወቅ ቆጣሪ መክፈት አያስፈልግም፤ ሕገ ወጥም ነው። ካርድ ቆጣሪም ሆነ ሌላው ዲጂታል ቆጣሪ ፊቱ ላይ የምታበራና የምትጠፋ ቀይ ነጥብ አለችው፤ አጠገቧም ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። ብርሃን የሚለይ ሴንሰር በፕላስተር ፊቷ ላይ ለጥፎ ብልጭታዋን መቁጠር የታሸገውን ሳይነኩ የቤቱን ፍጆታ በየደቂቃው ያሳያል። ቦይለር ብቻውን በቀን አንድ ጊዜ ቢሞቅ በወር 78 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ እንደሚወስድ ካርድ ለሚሞላው ቤተሰብ በዓይን የሚያሳየው ይህ ዘዴ ነው።

ታሪፉን የማነሣው ከዚህ ቁጥር ተነሥቼ ነው። የቤተሰብ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ የመጀመሪያውና ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮም በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚተገበር ጭማሪ ተጀምሯል። የድሃውን ወጪ የሚጠብቅ እርከን መኖሩን እደግፋለሁ። ነገር ግን እርከኑ በመላ አገሪቱ አንድ ነው፤ በቆላማዋ ሸዋ ሮቢት ቀዝቃዛ ውሃ የሚታጠብ ቤተሰብና በደብረ ብርሃን ውርጭ ሕፃን የሚያጥብ ቤተሰብ በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ። የእኛው ቤተሰብ ገላውን ለመታጠብ ብቻ ከዝቅተኛው እርከን ይወጣል። የሸዋ ሮቢት ሰው በበኩሉ «የእናንተ ቦይለር ከሆነ የእኛስ ማራገቢያ?» ሊል ይችላል፤ ትክክል ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ለደጋ የተለየ ድጎማ ሳይሆን፣ በሰዓት የሚለይ ዋጋ ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋት ያለው ኃይል ከምሽቱ ኃይል ቢረክስ፣ ቦይለሩ በማን ቤት ይሁን፣ ራሱን ወደ ሌሊት ያዛውራል፤ ምሽት ላይ እንጀራ የሚጋገርበት ትራንስፎርመርም ይተነፍሳል።

ይህ ጥያቄ ከእንግዲህ የቅንጦት አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ኃይል ማመንጨትና ኃይሉን እስከ ሰፈር ትራንስፎርመር ማድረስ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲወሰን፣ የመኪናው ነዳጅ ማደያ ወደ መኖሪያ ቤት ተዛውሯል። ባለ 7 ኪሎዋት የቤት ቻርጀር የሁለት ምጣድ ያህል ይስባል፤ ይህን ያህል ጭነት ለረጅም ሰዓት በአንድ መንደር ሲበዛ የምሽቱን ሰዓት የሚሸከም መስመር አይኖርም። ቻርጀሩ ሌሊት እንዲጀምር ማድረግ ለአውቶሜሽን የደቂቃ ሥራ ነው፤ የመኪናው ባለቤት እንዲያደርገው የሚያነሣሣው ግን የዋጋ ልዩነት ነው። በ2012 የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ግብርናን፣ ማኑፋክቸሪንግን፣ አገልግሎትንና ቱሪዝምን ነበር ያስቀደመው፤ መኖሪያ ቤት ባይጠቀስ አልቀየምም። ስለ ስማርት ከተማ በሚነገርበት መድረክ ላይ ግን ከካሜራና ከመንገድ መብራት በፊት ይህ የታሪፍ ጉዳይ ቢነሣ እመርጣለሁ።

ሁለተኛው የፖሊሲ ጥያቄዬ ዕቃ ወደ አገር ሲገባ በበሩ ላይ የሚደረገው ፍተሻ ነው። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ደረጃ ያወጣል፤ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የሚገቡ ዕቃዎችን ጥራት ይቆጣጠራል። አዲስ አበባ፣ ደሴ፣ ጎንደርና ደብረ ብርሃን ሁሉም ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። እስከ 2,000 ሜትር ብቻ የተፈተሸ ሶኬት ለአገሪቱ ታላላቅ ከተሞች ሲሸጥ ቢያንስ በአማርኛ ማስጠንቀቂያ ሊለጠፍበት ይገባል፤ ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ደንብ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

የሬዲዮ ሞገድን ጉዳይ ደግሞ ከአሜሪካ ዘመድ ያላቸው ሰዎች በተለይ ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አከፋፈል ኢትዮጵያ ከአውሮፓ ጋር በ1ኛው ክልል ናት። ለአሜሪካ የተሠራ ዚ-ዌቭ የተባለ የቤት መቆጣጠሪያ በ908.42 ሜጋኸርትዝ ይሠራል፤ ይህ እኛ ጋ ስልኮች ወደ ማማ ለሚልኩት ሞገድ የተመደበ ቦታ ውስጥ ይወድቃል። ለአውሮፓ የተሠራው በ868.42 ሜጋኸርትዝ ላይ ነው። በሻንጣ የመጣው ስጦታ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርትዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ዕድሜው አጭር ነው። ዋይፋይ፣ ዚግቢና ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠሩት ግን በየትም አገር ያስኬዳሉ።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት መርምሮ ያጸድቃል። በዚህ ፍተሻ ላይ አንድ ነጥብ እንዲጨመር እመኛለሁ፤ ሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ይዞ እንዳይገባ ይከልከል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት የማረከው ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ስላልተለወጠ ብቻ ነበር። ብሪታንያ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንን በሕግ ከልክላለች። የእኛ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መልካም መነሻ ነው፤ ተቆጣጣሪውም ይኸው ባለሥልጣን ነው፤ ነገር ግን አዋጁ የሚጠብቀው መረጃውን ነው፤ መረጃው የሚወጣበትን ርካሽ ካሜራ በር ላይ የሚያቆመው የዕቃ ፍተሻ ነው። በግቢያችሁ ካሜራ የምትሰቅሉ ከሆነ ምስሉን በቤት ባለ ማስቀመጫ ያዙ፤ ካሜራውን ከኢንተርኔት ለዩት፤ የጎረቤትን በር እንዳያይ አዙሩት፤ ከመስቀላችሁም በፊት ጎረቤታችሁን አናግሩ።

ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ከየት ልጀምር ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ ብዙውን ጊዜ ያሳዝነዋል፤ በስማርት ዕቃ አልጀምርለትምና። መጀመሪያ ቤቱ ኧርዝ፣ ማለትም ያመለጠ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስድ መስመር፣ እንዳለው ይለካ፤ ከሌለው ይቀበርለት። ቀጥሎ 30 ሚሊአምፔር ኮረንቲ ከመስመሩ ሲያመልጥ መብራቱን የሚቆርጥ መሣሪያ ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ይግባ፤ ቦይለር ባለበት ቤት ይህ መሣሪያ ሕይወት ያድናል። ይህንን የሚሠራው በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ይሁን፤ ማረጋገጫውን ለማየት መጠየቅም ነውር አይደለም። በዚያው ጊዜ ባለሙያው በየማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ውስጥ ኑትራል (የኮረንቲው መመለሻ ሽቦ) እንዲያደርስለት ይንገረው፤ በአብዛኞቹ ቤቶቻችን እዚያ የሚደርሰው ፌዝ (ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ) ብቻ ስለሆነ ስማርት ማብሪያ ለመትከል በኋላ ግድግዳ መቆፈር ይመጣል። ግንባታ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ደግሞ ይህ የአንድ ቀን ሥራና የጥቂት ሜትር ሽቦ ጉዳይ ነው። ሪሌና ሴንሰሩ ከዚያ በኋላ ይገዛሉ፤ ከሁሉም ቀድሞ ለቦይለሩ።